ከካርድ ክፍል ምንም አይወጣም

ማስታወቂያው ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል በር ላይ ተለጥፎ ተገኘ። የተለጠፈው ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ነው፤ ተሰልፎ ካርድ የሚያወጣው ሕመምተኛ ሁሉ እንዲያነበው። «በካርድ ክፍል የሚገኙት ስድስት ኮምፒውተሮች አዲሱን ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሸከም የማይችሉ በመሆናቸው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ከአገልግሎት ወጥተው ወደ ግምጃ ቤት ይገባሉ» ይላል። ከሥሩ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «ኢንጂነሩ» የሚለው ሰው፣ ፊርማውን አሳርፎበታል።

ቁጥሬ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፕላስተሩን በጥፍሯ ፈልቅቃ ወረቀቱን አነሣችና አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ኧረ እትዬ ቁጥሬ፣ ማኅተም ያለበት እኮ ነው!» አለች ከኋላዋ የደረሰችው የሥራ ባልደረባዋ።

«ማኅተሙን መቼ ነካሁት? የነካሁት ፕላስተሩን ነው» አለችና በሩን ከፈተች።

ቁጥሬ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ያወጡላት ሕመምተኞቹ ናቸው። ሰው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ የካርዱን ቁጥር በቃሏ ትነግረዋለች፤ እናቱም እዚሁ ታክማ እንደሆነ የእሷን ቁጥር ጨምራ። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ስትቀጠር ካርዱ ሁሉ ወረቀት ነበር፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ሥር አይጥ። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ የዚያን ዘመን አስተዳዳሪ ጠርቷት «አንቺ ይከብድሻል፣ ለዚህ ወጣት እንቀጥራለን» አላት። እሺም እምቢም ሳትል ወጣች። በማግስቱ ማለዳ መጥታ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ በአንድ ጣት፣ ከመንፈቅ በኋላ በዐሥሩም ጣት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና በአራት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ሺህ ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። ያ ሁሉ ካርድ ያለው «መዝገብ» ብለው በሚጠሩት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ሥራ ለቆ ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መዝገብም ከአሮጌው ሲስተም በቀር በሌላ በምንም አልከፈት ብሎ ቀረ።

ስለዚህ ቁጥሬ ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ወጣች። ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደለም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ለሰው ወንበር የሚስብ ነው። ወንበር ሳበላት።

«አሮጌውን ሲስተም የሠራው ድርጅት ጥገና መላክ አቁሟል» አላት። «ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። አንድ ቀን በእናንተ በኩል ቫይረስ ይገባና ሆስፒታሉን ሁሉ ይቆልፈዋል። ይኼ ደግሞ የእኔ ጣጣ ነው የሚሆነው።»

«ይሁን። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች መቼ ይመጣሉ?»

«ግዢ ላይ ናቸው።»

«ግዢ ላይ ማለት በሰው ቋንቋ መቼ ነው?»

«በሚቀጥለው ዓመት… ወይም ከዚያ በኋላ። እስከዚያ በወረቀት ትሠራላችሁ። እርስዎ ደግሞ ለጡረታ ሁለት ዓመት ተኩል ነው የቀረዎት። ግምጃ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፣ እዚያ አረፍ ብለው…»

«ደከመኝ ብዬሃለሁ?»

«ኧረ አላሉም። ግን ማሽኖቹ እኮ ሞተዋል፣ እናቴ።»

«ሞተዋል? ዛሬ ጠዋት ብቻ ሰማንያ ሦስት ሰው መዝግበንባቸዋል። እንዲህ የሚሠራ ሬሳ አይቼ አላውቅም» አለችና ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ከካርድ ክፍል ምንም አይወጣም» አለችው። እንዴት እንደማይወጣ ግን ያን ጊዜ እሷም አታውቅም ነበር።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቱ ከሬዲዮ ጀምሮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር የተሻገረ ጠጋኝ ነው። ቶሎ ስለሚቃጠል ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል። ቁጥሬ የመጣችበትን ስትነግረው መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ማነው ሞተ ያለው? ማሽኑ አላረጀም! አዲሱ ሲስተም ነው ወፍሮ የመጣው። ወፍራም ሰው ወንበር ቢሰብር ወንበሩ ነው ጥፋተኛው?»

«አትጩህብኝ፣ እኔ አላልኩም። መላ ካለህ ንገረኝ።»

መላ ነበረው። ሊኑክስ የሚባል፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጭነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ እንደ ልጅ የሚሮጥ፣ ጥገናውም በየጊዜው የሚመጣለት ሲስተም እንዳለ ነገራት። ለዕለት ሥራ፣ ለደብዳቤ፣ ለኢንተርኔት፣ ከሌላው ክፍል ጋር ለመገናኘት ይበቃል።

«መዝገቤስ? እሱ ያለ አሮጌው አይከፈትም።»

«አሮጌውን ማን አጥፊው አለሽ? ሁለቱንም አንድ ዲስክ ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ። ዲስኩን ትከፍዪና ለየራሳቸው ቦታ ትሰጫቸዋለሽ። ማሽኑ ሲበራ የትኛውን ላስነሣ ብሎ ይጠይቅሻል።»

«እንደ ጣውንት በለኛ።»

«እንደ ጣውንት። ልዩነቱ፣ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ተኝታ ስለሆነ ጠብ የለም። አሮጌዋን ደግሞ ከኔትወርክ ትቆርጫታለሽ። መዝገብሽን ትከፍታለች እንጂ ደጅ አትወጣም፤ ያ ኢንጂነርሽ የሚፈራው ቫይረስ በየት በኩል ይመጣል?»

ሲስተሙን በፍላሽ ገልብጦ ሰጣት። «እኔ መጥቼ ልሥራልሽ?» አላት።

«አይሆንም። አንተ ከሠራኸው የውጭ ሰው ነካው ብለው ያጠፉኛል። የምነካው እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የነካችው የቤቷን ነው። ባሏ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ቤት የዋለ ሰው ነው። በቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ የሹፌርነት ዘመኑን ፎቶዎች በየዓመቱ ለይቶ አስቀምጧል፦ የነዳቸውን መኪኖች፣ ረዳቶቹን፣ የተሻገራቸውን ድልድዮች፣ የፈነዳ ጎማ ሳይቀር። ቁጥሬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ሲያነብ ፍላሹን ሰካች። ማሽኑ ሁለት ምርጫ አቀረበላት። አንዱ አዲሱን ከነበረው ጎን ልጫን የሚል፣ ሌላው ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልጫን የሚል ነው። የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ፣ እሷም ቸኩላ ነበር። ቀጥል፣ ቀጥል፣ አዎ፣ ቀጥል እያለች ሄደች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚያምር አዲስ ገጽ ወጣ። ማሽኑ ድሮ ለመንቃት የሚፈጅበት ጊዜ ግማሽ እንኳ አልፈጀበትም።

«ና እየው፣ ና! እንዴት እንደሚፈጥን!» ብላ ባሏን ጠራችው።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ፤ አየ። «ጥሩ ነው» አለ። «ፎቶዎቹ የት ገቡ?»

ቁጥሬ ማሽኑን ብትበረብረው አንድም የለም፤ ለካ አዎ ያለችው ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልጫን የሚለውን ነበር።

ፊውዝ ዲስኩን ወስዶ ሁለት ቀን ታገለው። ያተረፈው ከመቶው ስድስት የማትሞላ፣ እሷም ግማሽ ግማሹ ግራጫ የሆነ ፎቶ ነው። ባሏ አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ቁጥሬ አልቻለችም። «ትቼዋለሁ» አለችው። «የኔ ቢጤ የሚነካው ነገር አይደለም። ግምጃ ቤት ገብቼ ብርድ ልብስ እቆጥራለሁ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን አልሽ?»

«ትቼዋለሁ አልኩህ።»

«ስሚኝ አንቺ ሴት። ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንዴ ገልብጫለሁ፤ ታውቂያለሽ። ከነጭነቱ ገደል። በማግስቱ አለቃዬ የሌላ መኪና ቁልፍ ሰጠኝና ዛሬ መሪ ካልጨበጥክ ዕድሜ ልክህን አትጨብጥም አለኝ። እየፈራሁ ነው የነዳሁት። እኔ ስለ ፎቶው አዝኛለሁ፤ አልዋሽሽም። አሁን ብትተዪው ግን በከንቱ ጠፋ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው የምቀየምሽ።»

በማግስቱ አንድ ደብተር ገዛች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «መጀመሪያ ቅጂ!» ብላ ጻፈች። ከዚያ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ፊውዝ ሱቅ ጎራ እያለች፣ ለመለዋወጫ በተጣለ አንድ ማሽን ላይ ዲስክ መክፈል ለመደች። ዐሥራ አንድ ጊዜ ጭናለች። አሮጌው ሲስተም ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሳለ እንደማይነካ፣ ጨርሶ መዘጋት እንዳለበት ጻፈች። አሮጌው የያዘውን ቦታ የሚያጠብቡት ከራሱ ከውስጥ ገብተው እንደሆነ፣ የተረፈውንም ቦታ ባዶውን ትተው አዲሱን እዚያ ላይ ብቻ እንደሚጭኑ ጻፈች። የዲስኩን ክፍሎች በስማቸው ሳይሆን በመጠናቸው መለየትን ለመደች፤ ስማቸው ሁሉ ተመሳሳይ ስለሆነ ያሳስታል። ከፊት በኩል ያለችውን ትንሽ ክፍል ምን እንደሆነች ስትጠይቀው ፊውዝ «ማሽኑ የሚነሣባት ናት፣ አትንኪያት» ብሎ ጮኸባት። በሰባተኛው ሙከራ ዲስኩ እየጠበበ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ዶግ አመድ ሆነ። «መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ ሳይሞላ አይጀመርም» ብላ ይህንንም ጻፈች፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ከዚያ ሥርዓቱን ይዛ በጽሑፍ ጠየቀች። ምን እንደምትሠራ፣ እንዴት እንደምትሠራ በሁለት ገጽ ዘርዝራ ለኮምፒውተር ክፍል አስገባች። ደብዳቤው በአራተኛው ቀን ተመለሰላት። ዳር ላይ በሰያፍ አንዲት ቃል ተጽፎበታል፦ «አይቻልም»። የወሩ መጨረሻ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ቅዳሜ ካርድ ክፍሉ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ባልደረቦቿ ሲወጡ ቁጥሬ ቀረች። ለመጀመሪያው የመረጠችው ከስድስቱ ሁሉ ቀርፋፋ የሆነውን፣ አራት ቁጥር የተለጠፈበትን ማሽን ነው። መዝገብን በሁለት ፍላሽ ቀዳች፤ ሁለቱንም በሌላ ማሽን ላይ ከፍታ መሥራታቸውን አየች። አንዱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት፣ ሌላውን ጉያዋ ከተተችው። ደብተሩን ከሞኒተሩ ጎን ዘርግታ መሥመር በመሥመር ሄደች። አሮጌውን ማጥበብ ስትጀምር ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አርባ ደቂቃ ፈጀ። አልነካችውም። ሻይ እንኳ አልጠጣችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አፈጠጠችበት። በመጨረሻ ተንቀሳቀሰ። አዲሱን ባዶው ቦታ ላይ ጫነች፣ አጠፋች፣ አበራች።

ማሽኑ ምንም ሳይጠይቃት ቀጥ ብሎ ወደ አዲሱ ገባ። ዝርዝር የለ፣ ምርጫ የለ። አሮጌው የለም።

የባሏ ፎቶዎች ዓይኗ ላይ መጡ። ስልኳን አንሥታ ወደ ፊውዝ ደወለች።

«ጠፋ…» አለችው።

«አልጠፋም። አትደንግጪ። ዲስኩን የሚያሳየውን ፕሮግራም ክፈቺና መጠኖቹን አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ራሷን አቋረጠች። «ይኼ የአሮጌው መጠን ነው! በደብተሬ አለ። ልክ እሱ ነው!»

«እሱ ከሆነ እሱ ነው። ማስነሻው ስላላየው ነው እንጂ ቤቱ ቁጭ ብሏል። አሁን እንዲፈልገው እናዘዋለን። ጻፊ።» በስልክ ፊደል በፊደል አስጻፋት። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፈችና አስገባች። ጥቂት መስመር ወረደ፤ ከመጨረሻው መስመር በላይ የአሮጌው ስም ወጣ። አጥፍታ አበራች። አሁን ጠየቃት። ሁለት መስመር፣ አንዱ ከአንዱ በላይ። ታችኛውን መርጣ አሮጌው እስኪነሣ ጠበቀች፣ መዝገብን ከፈተች፣ ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ ጣቷ የጻፈችውን የመጀመሪያውን ካርድ ጠራችው። መጣ። የሆስፒታሉ የዚያን ጊዜ ዘበኛ፣ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፣ የጉልበት ሕመም።

ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳትረሳ በአሮጌው በኩል ያለውን ኔትወርክ ዘጋች።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ በግልጽ ሠራችበት። አልደበቀችም። ቀርፋፋው ማሽን ከአምስቱ ቀድሞ ሲነሣ ባልደረቦቿ ተራ እየጠበቁ ተቀመጡበት። ወሬ ደግሞ እግር አለው፤ ረቡዕ ማብራሪያ ስጪ የሚል ደብዳቤ ደረሳት፣ ሐሙስ ሆስፒታሉን ወደሚመሩት ዋና ሐኪም ቢሮ ተጠራች። ዋና ሐኪሟ ከቀዶ ጥገና ወጥተው ገና ኮፍያቸውን ያላወለቁ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። ኢንጂነሩ ከጎናቸው ቆሟል።

«ያለፈቃድ የሆስፒታሉን ንብረት ነክተዋል» አለ ኢንጂነሩ።

«ያለፈቃድ አይደለም» አለች ቁጥሬ። «ጠይቄ ተከልክዬ ነው።»

ዋና ሐኪሟ ሳል እንደያዘው ሰው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሳል ግን አልነበረም።

«መረጃው ጠፍቶ ቢሆንስ ኖሮ?» አለ ኢንጂነሩ። «አርባ ሺህ ሰው!»

«ከወረቀት ያስገባናቸው ብቻ አርባ አንድ ሺህ ናቸው፣ ልቁጠርልህ?» ሁለቱን ፍላሾች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቢጠፋ እነዚህ ነበሩ። አሁን እኔ ልጠይቅህ።» ከኪሷ የታጠፈውን ማስታወቂያ አወጣችና ዘረጋችው። «ማሽኖቹ ግምጃ ቤት ከመግባታቸው በፊት ቅጂ ይወሰድ የሚለው የቱ ጋ ነው? ደጋግሜ ፈልጌ አጣሁት።»

ኢንጂነሩ ወረቀቱን አየ። ዋና ሐኪሟ ዞር ብለው አዩት።

«አሮጌው በኩል ኔትወርክ አለው?» ሲል ጠየቀ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ዘግቼዋለሁ። አትመነኝ፤ ወርደህ እየው።»

ወረዱ። ኢንጂነሩ አራት ቁጥር ማሽን ፊት ተቀምጦ ሩብ ሰዓት ያህል ፈተሸው። አጥፍቶ አበራው፣ በሁለቱም በኩል ገባ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየ። በመስኮቱ ያለው ሰልፈኛ አንገቱን አስግጎ ይመለከታል። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣና፣ መራራ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው፣ «በትክክል ነው የተከፈለው» አለ። ይህን ለማለት ያልተገደደ ሰው ነው። ቁጥሬ በኋላ ስታወራው ይህችን ነገር ለሱ ትቆጥርለታለች።

ዋና ሐኪሟ ዕለቱኑ ወሰኑ። የቀሩት አምስቱም እንዲሁ ይሠሩ፤ ኢንጂነሩ ቆሞ ያይ፤ መዝገብም በዓመቱ ውስጥ ቀስ እየተባለ ከአሮጌው ፕሮግራም ወደ አዲስ ይዛወር። ቁጥሬ ግን የተከለከለችውን ስላደረገች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት። «ሕግ ሕግ ነው» አሏት። «ነገ ሌላው ተነሥቶ የራጅ መሣሪያ ቢፈታስ?»

«እውነትዎን ነው ዶክተር። ይስጡኝ» አለች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስቱንም ጨረሰች። የመጨረሻውን የሠራችው ማስታወቂያው በተነሣ ቀን የደነገጠችው ባልደረባዋ ናት፤ ቁጥሬ ከኋላዋ ቆማ ደብተሩን ስታነብላት፣ ኢንጂነሩ ደግሞ ከሁለቱም ኋላ እጁን አጣምሮ ሲያይ።

ማስጠንቀቂያው በወጣ ዕለት የሰው ኃይል ኃላፊው ጠራት። አብሮ አደግ ወዳጇ ነው፤ ሊረዳት ፈልጎ ሁለት ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቃት። አንዱ ማስጠንቀቂያውን መቀበሏን የምትፈርምበት ነው። ሌላው ተተይቦ ያለቀ የይቅርታ ደብዳቤ ነው።

«ይቺን ፈርሚና ማስጠንቀቂያው ከፋይልሽ ይነሣል። ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

ቁጥሬ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ስለ ፈጸምኩት ጥፋት እጸጸታለሁ ይላል።»

«ወረቀት ነው እንግዲህ፣ ምን ችግር አለው?»

«አልጸጸትማ።»

«አንቺ ደግሞ! ሁለት ዓመት ተኩል ነው የቀረሽ። ፋይልሽ ንጹሕ ሆኖ ብትወጪ ምናለበት?»

«ፋይሌ ንጹሕ ከሆነ ሥራውን ማን እንደሠራው በምን ይታወቃል?»

ወዳጇ ራሱን ነቀነቀ። «ግትር!» አላት፤ ሁለት ጊዜ ደገመላት። እሷ የመቀበያውን ፈረመች፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ ማኅተም እንዲመታበት አደረገች፣ የይቅርታውን ደብዳቤ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ተወችለት። ደረጃውን ስትወርድ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ኮሪደሩን ሞልቶ እስከ በሩ ደርሷል። «አሳልፉኝ፣ አሳልፉኝ» እያለች በትከሻዋ ገፍታ ገባችና ወንበሯን ሳበች።

«ቀጣይ!»